ናኦድ የሳታት ኳስ

የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ውድድር በሜዳ መካሄዱ ከቀረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ኮምፒውተር የተጫዋቾቹን ችሎታ ይመዝንና የዓመቱን ውጤት ባንድ ከሰዓት በኋላ ይናገራል። ላብ የለ፣ ወለምታ የለ፤ ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው!

ዘንድሮ የናኦድ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ ባንድ ነጥብ ተሸነፈ ተባለ። የመጨረሻዋን የቅጣት ውርወራ የሳተው ናኦድ ነው። እሱ ዜናውን የሰማው ቤቱ ካልሲ ሲያጥብ ነበር።

አባቱ አቶ ምትኩ አኮረፉት፤ ምሳ እንኳ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ።

በአራተኛው ቀን ናኦድ አባብሎ ሣር ወደበቀለበት ሜዳ ወሰዳቸው። አሥር ጊዜ ወረወረ፤ አሥሩም ገባ።

«አዩ፣ አባባ?»

አቶ ምትኩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ምናለ ልጄ፣ ያን ቀን እንዲህ ብታገባው?»