አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ግድግዳ

ለመሆኑ እናንተ ሰው ቤት ገብታችሁ ምግብ ሲቀርብላችሁ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሽ ድንበሩ አያውቁም። ደሴ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። በከተማው አዲስ ደንብ የአረጋውያንን ምግብ የሚያዘው ግድግዳ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። አንዴ ይጠይቃል፤ የተሰጠው መልስ ለወር ይጸናል። የሠሩት ሰዎች «ቀላልና ፈጣን» ይሉታል።

ልጃቸው ትርንጎ መሣሪያው በተገጠመ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከኮምቦልቻ ስትመጣ፣ ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየች።

«አባዬ፣ ምሳ አያመጡልህም እንዴ?»

«‹ምሳ ይምጣልዎት?› አለኝ። ‹ኧረ ተዉ፣ አትቸገሩ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልለመነኝም። እኔ ደግሞ ግድግዳ ልለምን? ዳቦና ሻይ አለኝ።»

ትርንጎ መሣሪያውን ወዳሠራው መሥሪያ ቤት ደወለች።

«የተጠቃሚውን ምርጫ እናከብራለን፤ ወሩ ሳያልቅ አይቀየርም» አላት ኃላፊው።

«ይህን ስትሠሩ አንድ ሽማግሌ እንኳ አስሞክራችኋል?»

«ቅሬታዎን መዝግበናል።»

«ለእኔ አይንገሩ። ቅዳሜ ቀበሌው አዳራሽ ይምጡና አባቴና ጎረቤቶቹ ፊት ቆመው ይመልሱ፤ ማንን ጠይቃችሁ ሠራችሁት?»