ለቀርከሃው ዓመት የተሠራ ጎተራ

ዛዲንጋ ከውትድርና ጡረታ ሲወጣ እንደ ጓደኞቹ ከተማ ቤት አልሠራም። ወደ ተወለደበት፣ ሕንድ ውስጥ ወዳለው የሚዞራም ኮረብታ ተመለሰና ከእናቱ ቤት ጎን፣ አፋፉ ላይ፣ ትልቅ ጎተራ አቆመ። የጎተራውን እግሮች በልሙጥ ቆርቆሮ ጠቀለላቸው። አይጥ ልሙጥ ቆርቆሮ አይወጣም።

ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

"አያ ዛዲንጋ፣ ለአንተና ለእናትህ ይህ ሁሉ ጎተራ?"

"ቀርከሃው ሊያብብ ነው" አላቸው።

የዚያ አገር ቀርከሃ የሚያብበው በአርባ ስምንት ዓመት አንዴ ነው። ያኔ አምና የበቀለውም፣ ያረጀውም ባንድ ወቅት ያብባል፤ ባንድ ወቅትም ይሞታል። ዛዲንጋ አንዱን ከነሥሩ ነቅሎ፣ በዘይት ጣሳ ተክሎ፣ ሃያ ዓመት ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ይዞት ዞሯል።

"በረሃ ብትወስደው ቀኑን አይረሳም" ይል ነበር። "እኔም አልረሳም።"

ያልረሳው ይህን ነው። ባለፈው አበባ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ሞቷል። በቀርከሃው ፍሬ የተራባ አይጥ የመንደሩን አዝመራ ሲጨርስ፣ ሩዝ የተረፈው ካፕሊያና የሚባል ጎረቤት ብቻ ነበር። እናቱ ሳይኩንጊ ትንሿን እህቱን ራሚን አዝላ ደጁ ሄደች። ካፕሊያና በሩን ዘጋባት። እስኪመሽ ተቀመጠች፤ አልከፈተም። በሳምንቱ ራሚ ሞተች።

ዛዲንጋ መቃብሯ ላይ ማለ። "ቀርከሃው ይመለሳል። ያኔ እሱ ይለምናል፤ እኔ እዘጋለሁ።"

ጎተራው ባለቀ ሰሞን ካፕሊያና በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየው። ሰማንያ ሊሞላው ምንም አልቀረው።

"ጥሩ ጎተራ ነው" አለ።

"ለአንተ ብዬ ነው የሠራሁት።"

ሽማግሌው ጆሮው ደከም ስለሚል "እህ?" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ዛዲንጋ ሦስት ዓመት ሩዝ አጠራቀመ። ማሳው ላይም አይጥ የማይነካውን ዝንጅብልና እርድ ተከለ። ካፕሊያና እንደ ልማዱ ሩዝ ዘራ።

በአራተኛው ዓመት ኮረብታው ሁሉ አበበ። ከአበባው በኋላ ጡጫ የሚያክል ፍሬ እንደ በረዶ ረገፈ። አይጡ እሱን እየበላ ተራባ፤ ፍሬው ሲያልቅ ደግሞ ወደ ማሳው ጎረፈ። ካፕሊያና ነገ አጭደዋለሁ ያለው ሩዝ ሲነጋ ገለባ ሆኖ ጠበቀው። ቀርከሃውም በቁሙ ደረቀ።

ዛዲንጋ ጎተራውን ከፈተ። ለመጣ ሁሉ ያለ ዋጋ ሰፈረ። ከአንድ ቤት በስተቀር።

"ካፕሊያናም ባለቤቱም አርጅተዋል" አለችው አንዲት ጎረቤት፣ የቅርጫቷን ማንገቻ ግንባሯ ላይ እያስተካከለች። "ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። እኔ ከድርሻዬ ትንሽ..."

"ስጪያቸው። ነገ ግን እዚህ እንዳትመጪ።"

ልጆች አሏት። አልሰጠችም። ሌላውም አልሰጠ።

ሳይኩንጊ ልጇ ስለ መሐላው ሲያወራ እሳቷን ትቆሰቁሳለች። ድስት በጣደች ቁጥር፣ እንደ አገሩ ሴቶች ሁሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን እፍኝ ሩዝ ትለያለች። ጠዋት ጠዋት ክዳን ባለው ቅርጫት ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች።

"እማዬ፣ እፍኝሽ አደገችሳ!" አላት አንድ ቀን።

"ክፉ ጊዜ አይደል? እግዚአብሔርም እንግዳ በዝቶበታል።"

ዛዲንጋ ሳቀ።

በየጠዋቱ የጎተራው ደፍ ላይ ተቀምጦ የካፕሊያናን ጣራ ያያል። ጭስ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት "የደበቀው ነው" አለ። በሦስተኛው "እያለቀበት ነው" አለ። ጭሱ ግን ወሩን ሙሉ ወጣ።

"ምን እየቀቀለ ነው ይሄ ሰውዬ?" እያለ ይብሰከሰክ ጀመር። እህል አልበላ አለው። ሌብነት ጠርጥሮ ጎተራው ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረ፤ ቁልፉን ግን የነካው አልነበረም።

በአርባኛው ቀን ጭሱ ቆመ። በማግስቱም አልወጣም።

ዛዲንጋ በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። እናቱን ትኩሳት ጥሏት ነበርና ዝንጅብል አፍልቶ አጠጣት።

"ልነሳ" አለች።

"አትነሺም! ተኚና ጆሮሽን ወደ ውጭ አድርጊ። የራሚ ቀን ደርሷል።"

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ካፕሊያና በምርኩዝ አቀበቱን ሲወጣ ታየ። በየአሥር እርምጃው ይቆማል። ሩዝ ሊቀበሉ የተሰለፉት መንገድ ለቀቁለት። ዛዲንጋ የጎተራውን በር ገጭ አድርጎ ዘጋና ፊት ለፊቱ ቆመ።

ሽማግሌው ትንፋሹ እስኪመለስ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። ከምርኩዙ በቀር የያዘው ነገር የለም።

"አያ ካፕሊያና" አለ ዛዲንጋ፤ ጆሮው እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "አርባ ስምንት ዓመት ጠበቅሁህ። ራሚን ታስታውሳታለህ?"

"አስታውሳታለሁ።"

"እናቴ ደጅህ ላይ ስትቀመጥ ምን አልካት?"

"ምንም አላልኳትም። በሩን ዘጋሁባት።"

"እኔም ዘጋሁብህ! እዚሁ ብትወድቅ አንዲት ፍሬ አታገኝም። ከፈለግህ እስኪመሽ ተቀመጥ!"

ሽማግሌው የተዘጋውን ጎተራ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ከዛዲንጋ ትከሻ በላይ ወደ መኖሪያ ቤቱ በር አሻቅቦ ተመለከተ።

"ሩዝ ፈልጌ አይደለም፣ ልጄ። እናትህ ሦስት ቀን ቀረችብን፤ አሟት ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።"