እህተማርያም አትግዙ ያለችው አክሲዮን

ስድስት ጓደኛሞች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ ጓደኛቸው መኳንንት በከፈተው ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። ናይሮቢ እንደሚኖር ሰው ሁሉ እነሱም ቻማ አላቸው፤ በየወሩ ያዋጣሉ፣ የተጠራቀመውን ያተርፋል ባሉት ነገር ላይ ያውላሉ። ገንዘቡ ለልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ያን ዓመት ቱሪስት ጠፋ። የአንድ ትልቅ የሳፋሪ ኩባንያ አክሲዮን ወድቆ ወድቆ የሚያነሳው አጣ።

«አሁን ካልገዛን መቼ ልንገዛ ነው?» አለ መኳንንት። «ቱሪስት ይመለሳል። ዝሆኑ የት ይሄዳል?»

«ዝሆኑ አይሄድም። ኩባንያው ግን ሊሄድ ይችላል» አለች ሠናይት። እሷ አየር መንገድ ውስጥ ትኬት ትሸጣለች፤ ባዶ ወንበር በየቀኑ ታያለች።

ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ሰው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከኩባንያው ጋር ተጉዞ ቁርጡን ይንገረን ተባለ። ሁሉም ወደ እህተማርያም ዞሩ። የአንድ ዕርዳታ ድርጅት ኦዲተር ናት፤ የተጭበረበረ ደረሰኝ ከሩቅ ይሸታታል።

«ሌላ ሰው ይሂድ። ሥራ አለብኝ» አለች።

«ቅዳሜና እሁድ?»

ከቻማው ገንዘብ የኩባንያው የማሳይ ማራ ፓርክ ጉዞ ትኬት ተቆረጠላት።

ከጉዞው በሳምንቱ እሁድ ሁሉም ቀድመዋት ደርሰው ጠበቋት። እህተማርያም አርፍዳ ገባች፤ ፊቷ ወዝቷል።

«እሺ፣ ምን አየሽ?»

«አትግዙ።»

«ለምን?»

«መኪናው አሮጌ፣ ምግቡ ቀዝቃዛ፣ ሰዉ ሰነፍ። አትግዙ አልኩ።»

«ፎቶ የለም?»

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። አሁን ምሳ አይቀርብም?»

ጉዳዩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት መኳንንት ዌስትላንድስ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ እህተማርያምን ከዚያው ኩባንያ ቢሮ ስትወጣ አያት። ቦርሳዋን እየዘጋች ፈገግ ትላለች። ሲጠራት ክው አለች፤ «ቸኩያለሁ» ብላ ማታቱ ሚኒባስ ላይ ዘላ ወጣች።

መኳንንት ወዲያው ለሠናይት ደወለ።

«ገብቶኛል! እኛን አትግዙ ብላ ለራሷ እየገዛች ነው!»

«አክሲዮን የሚገዛው ከደላላ ነው እንጂ ከኩባንያው ቢሮ ነው እንዴ?»

«ኦዲተር አይደለችም? ከውስጥ ሰው አግኝታ ይሆናላ!»

ሠናይት ሳቀች። ቢሆንም ነገሩ ውስጧ ገባ። በሚቀጥለው እሁድ እህተማርያም አዲስ ጫማ አድርጋ ስትመጣ፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ሥር በእግር ተነካኩ።

«ታዲያ ይሄን አክሲዮን እንተወው?» አለ መኳንንት፣ እንደ ዋዛ።

«ተዉት» አለች እህተማርያም፣ ጥያቄውን ሳታስጨርሰው። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ቀላ። «ግን... በኔ ቃል ብቻ አትወስኑ። የልጆች ገንዘብ ነው። ራሳችሁም አጣሩ።»

«ጸጸት ጀመራት» አለ መኳንንት ወደ ሠናይት ጆሮ ጠጋ ብሎ።

እጅ ይውጣ ተባለ። ወሬው ለሌሎቹም ደርሶ ነበርና፣ ይገዛ ብሎ አምስት እጅ ወጣ። እህተማርያም ተራ በተራ አየቻቸውና በመጨረሻ እሷም የራሷን አነሳች። ገዙ።

ጥቂት ወራት ሁሉም በደንብ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ዋጋው ጭራሽ ወረደ፤ ሠናይት ጾም ያዘች። ከዚያ ቱሪስቱ መጣ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ። ሆቴሉ ሞላ፣ አውሮፕላኑ ሞላ፣ አክሲዮኑ ተተኮሰ። ከአምስቱ ልጆቻቸው የሦስቱ ክፍያ ተሸፈነ፤ የቀሩትም ብዙ አይጠብቁም።

የደስታው ምሳ ላይ መኳንንት ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ።

«ለእህተማርያም! አትግዙ ባትለን ኖሮ አንገዛም ነበር!»

ምግብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሠናይት አቅፋ ሳመቻት።

«አሁን እንኳ ንገሪን። ለብቻሽ ስንት ገዛሽ?»

«አንድም አልገዛሁም።»

ማንም አላመናትም፤ ሳቁ ባሰ።

«ግድ የለም፣ ይቅር ብለንሻል» አለ መኳንንት እንባውን እየጠረገ። «ለፋሲካ ሁላችንም ከነልጆቻችን ማሳይ ማራ እንወርዳለን፤ ባለአክሲዮኖች አይደለን! አንቺ መንገዱንም አንበሶቹንም ስለምታውቂ ትመሪናለሽ።»

እህተማርያም ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እኔ አንበሳ እፈራለሁ» አለች። «ያን ማክሰኞ ቢሯቸው የሄድኩት የትኬቱን ገንዘብ ለማስመለስ ነበር፤ ቅዳሜና እሁዱን እዚሁ ናይሮቢ ካሳራኒ፣ እኅቴ ቤት ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።»