ያልለቀቀችው ማኅተም

እናቴን ከጸበሉ አጥር ስትወጣ እደርስባታለሁ። ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አንድ ነገር አቅፋለች። ምን እንደሆነ አልጠይቃትም። ከንጋት ጀምሮ ወሰን ሰፈር ያለውን ቤታችንን ፍራሽ ሳይቀር እየገለበጥኩ ስፈልገው የነበረው እሱን ነው። ዛሬ አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ቀን መሆኑ ትዝ ሲለኝ የት እንደምትገኝ ገባኝና እንጦጦን ሽቅብ ወጣሁት።

«እማዬ፣ ፓስፖርቴን ስጪኝ!»

«ኧረ ቀስ በይ ማዕዶት፣ ሰው ይሰማሻል።»

ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ዓይን እንዳይገባብኝ ብላ ቪዛ መጠየቄን ለገዛ እህቷ እንኳ ሳትነግር ዓመት ሙሉ ከርማለች። ፓስፖርቴን ይዛው ስትወጣ ደግሞ ለእኔም አልነገረችኝም።

ስትሰጠኝ ውሃው በክንዴ ይወርዳል።

«ፌስታል ውስጥ አልነበረም እንዴ?»

«አውጥቼው ነዋ። በፌስታል ተጠቅልሎ ምኑን ተጠመቀ?»

«ፓስፖርት ይጠመቃል እንዴ እማዬ? ነገ ጠዋት እኮ ነው የኤምባሲ ቀጠሮዬ!»

ጀሪካን የያዙት ሴቶች ዞረው ያዩናል። ይዩን። አሁን ዓይናቸው ምን ቀረውና ነው የሚጎዳኝ?

«እሱን አይደለም ያስጠመቅኩት፣ ያቺን ማኅተም ነው» ትለኛለች ዝቅ ብላ። «እሷን እያዩ ማን እሺ ይልሻል?»

ማኅተሟን አውቃታለሁ። አምና ቪዛ ሲከለክሉኝ መጨረሻው ገጽ ላይ የመቱብኝ ናት። እናቴ ያን ቀን ገልጣ አየቻትና ከዚያ ወዲህ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ያቺ» ነው የምትላት። ዘንድሮ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኛል። በወሩ መጨረሻ ካልደረስኩ ግን ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ይህንንም ቁርጥ አድርጎ ጽፎልኛል።

ባሕር ዛፍ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እገልጠዋለሁ። ገጾቹ አብጠው ተጣብቀዋል። ፎቶዬ ያለበት ገጽ ላይ ውሃው ከላስቲኩ ሥር ገብቷል። ከግንባሬ እስከ አገጬ ነጭ ጭጋግ ሆኛለሁ፤ አንድ ጆሮ ብቻ ተርፎኛል። በአንድ ጆሮ ማን ቪዛ ይሰጣል? አዲስ ፓስፖርት ደግሞ ለምኜም አልቅሼም ለነገ አይደርስልኝም።

ተናድጃለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ጉልበቷን እያመማት ይህን ሁሉ ዳገት በእግሯ የወጣችው፣ በዚህ ብርድ የተጠመቀችው ለእኔ ብላ ነው፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። እንደ ልቤ የምጮኽባት ሰው ብትሆን ምን ነበረበት? ሹራቤን አውልቄ ትከሻዋ ላይ እጥልላታለሁ፤ ቀስ ብዬ ግን አይደለም።

አጠገቤ ቁጭ ትልና አንገቷን አስግጋ ፓስፖርቱን ለማየት ትሞክራለች። መነጽሯን አልያዘችም።

«እስቲ ያቺን እዪልኝ። ለቀቀች?»

መጨረሻውን ገጽ እገልጣለሁ። ከጎኗ የፈረመው ሰውዬ ፊርማ ፈስሶ ጠፍቷል። ማኅተሟ ግን ከነቀኗ፣ ከነጠርዟ፣ ዛሬ ጠዋት የተመታች ትመስላለች።

«አልለቀቀችም።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፓስፖርቱን ከእጄ ትወስድና ትዘጋዋለች።

«ታዲያ በአንድ ቀን ነው እንዴ? ሰባት ቀን ነው እኮ የሚጠመቁት። እነዚያን ሰዎች ሳምንት ይታገሱኝ በያቸው።»

ከነጠላዋ ደረቁን ጫፍ ትፈልግና ፓስፖርቱን ከነፊቴ እዚያ ውስጥ ትቋጥረዋለች። እንዳይፈታ በጥርሷ ጭምር ታጠብቀዋለች።