የሁለተኛ ድምፅ ቃላት

«ይኸው ደግሞ ሸሸ» ትላለች ታናሽየዋ፣ ጣቷን ከስክሪኑ ላይ ሳታነሳ።

በእርግጥም ሸሽቷል። እስከ ሁለተኛው መስመር ድረስ እያንዳንዱ የመዝሙር ቃል ከኖታው ሥር አደብ ገዝቶ ተቀምጧል። ከሦስተኛው መስመር ወዲያ ግን ሁሉም፣ ተሳፋሪ እንደወረደለት አውቶቡስ፣ አንድ አንድ ወንበር ወደ ፊት ተሻምቶ ይዟል። የመጨረሻው ኖታ ቃል አጥቶ ባዶውን ቆሟል።

መዝሙሩን የምትጽፍበት ፕሮግራም ኖታ በማውስ እየጎተቱ የሚለጥፉበት ዓይነት አይደለም። ፊደልና ምልክት ይጻፍለታል፤ ኖታውን ስሎ የሚያወጣው እሱ ነው። በለሆሳስ የሚባለው ቦታ አንዲት ፊደል ናት፤ ጮክ የሚባለውም እንዲሁ አንዲት ፊደል። ዕድሜዋን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትተይብ ለኖረች ሴት እጇ የለመደው ነገር ነው። የጎደለ ነገር ሲኖር በቀይ ጽሑፍ ይጮህባት ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስህተት የለም» ይላል።

ታላቅ እህቷ፣ እትዬ፣ ከኋላዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ድምፅዋ ወፍሮ በመዘምራኑ ውስጥ ከቀጭኑ መጀመሪያ ድምፅ ወደ ወፍራሙ ሁለተኛ ድምፅ ካወረዷት ወዲህ፣ ሙቀትም ይሁን ብርድ ሻርፑ ከአንገቷ አይወርድም።

ስልኩ ይጮሃል። የመዘምራኑ መሪ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ጋሽ ጭጭ»፤ ሁለተኛ ድምፆች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ ስለሚያደርግ። ታናሽየዋ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች።

«እህቴ፣ ወረቀቱስ? ከሰዓት ልምምድ እኮ ነው።»

«የሁለተኛ ድምፅ ቃል አልገጥም ብሎኝ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ቃሉን አውጪውና አፋቸውን ዘግተው ያንጎራጉሩ። ለእነሱ ዜማው ይበቃል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

ይዘጋዋል።

«ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው፣ ራሱ ዝም ብሎ አያውቅም» ትላለች እትዬ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ ግን አልሄድም። ከንፈር ገጥሞ ለመቆም ቤቴም ግድግዳ አለ።»

ታናሽየዋ ዞራ ታያታለች። እትዬ ከቀረች ቀረች ናት። ኩርፊያዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአንድ ጎረቤቷ ጋር በውሃ ባልዲ ተጣልታ፣ ሴትዮዋ ሰፈር እስክትቀይር ድረስ ሰላምታ አልሰጠቻትም። ደግሞ ከመዝሙሩ በቀር ከቤት የሚያወጣት ነገር የለም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ትላለች ታናሽየዋ፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች።

የመጀመሪያ ድምፅን አውጥታ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ብቻውን እንዲስለው ታደርጋለች። ያው ነው። መዝሙሩን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ፊተኛው ግማሽ ደህና፣ ኋለኛው ግማሽ ሸሽቷል። ኋለኛውን ደግሞ ትከፍለዋለች። አንድ አረፍተ ነገር ብቻ በእጇ ይቀራል።

«እትዬ፣ እስኪ ‹መንገዱ ቢርቅም› የሚለውን በይልኝ።»

«አላልኩም እንዴ? አልዘምርም።»

«ለጋሽ ጭጭ አይደለም፤ ለእኔ።»

እትዬ ግድግዳውን እያየች ትላለች። *መንገዱ ቢርቅም እንሄዳለን።* ድምፅዋ እንደ ከባድ በር ነው፤ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ሲከፈት ግን ቤቱን ይሞላዋል።

«ቆይ። ‹ሄ›ን በሁለት ኖታ አወረድሽው።»

«እንዴት አልወርድ? የመጀመሪያ ድምፆችም እኮ ይወርዳሉ።»

ታናሽየዋ የመሪውን የእጅ ጽሑፍ ከወረቀት ክምሩ ሥር ትመዛለች። በመጀመሪያ ድምፅ ላይ፣ «ሄ» ካለችበት በላይ፣ ሁለቱን ኖታ የሚያያይዝ ቅስት ወፍሮ ተሠርቷል። በሁለተኛው ድምፅ ላይ ምንም የለም። ቅስት ከሌለ ደግሞ ፕሮግራሙ ለሁለቱ ኖታ ሁለት ጉርሻ ያጎርሳል፤ የሚቀጥለውን ቃል ከባለቤቱ አፍ ነጥቆ።

«ለእነሱ ሠርቶ ለእኛ ረስቶታል» ትላለች።

«ቅስቱን አይደለም የረሳው» ትላለች እትዬ። «እኛን ነው።»

ታናሽየዋ ሁለቱን ኖታ፣ ለፕሮግራሙ የቅስት ምልክት በሆነው ቅንፍ ታቅፋቸዋለች። ገጹ ጠፍቶ ይመለሳል። ቃሉ ሁሉ ወደየወንበሩ ተመልሷል፤ የመጨረሻው ኖታም «ለን» የምትለዋን ከሥሩ ይዟል።

ስልኩን አንስታ ትደውላለች።

«ጋሼ፣ ቃሉ ገጥሟል።»

«እሱስ… ለምን ደከምሽ? እኔ እኮ የመጀመሪያ ድምፅን እንዳይሸፍኑብን ብዬ ነው። እንደነገርኩሽ አውጪው።»

«አላወጣም ጋሼ። ያለ ቃል ከሆነ እትዬም አትመጣ፣ እኔም አልመጣ፤ ወረቀቱም ከእኛ ጋር እቤት ይውላል።»

እትዬ ቀና ትላለች። ይህች ልጅ ለአለቃ «አይሆንም» ስትል ሰምታት አታውቅም።

ስልኩ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠራረግ ይሰማል።

«እሺ። ቃሉ ይሁን። ግን በለሆሳስ። በጣም በለሆሳስ።»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ሰምታለች፤ እሺ ግን አላለችም። ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። ወደ ሁለተኛ ድምፅ መጀመሪያ ትመለስና የለሆሳሷን ፊደል ትሰርዛታለች። በቦታዋ ሌላ ፊደል ትመታለች፤ ከሌሎቹ ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

«ምን አደረግሽ?» ትላለች እትዬ።

«አንዲት ፊደል ነው የቀየርኩት።»

ማተሚያው ወረቀት ስቦ ማንኳኳት ይጀምራል። እትዬ የቀየረችው የቱን እንደሆነ አትጠይቅም። ብድግ ትልና መስተዋቱ ፊት ቆማ፣ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ትፈታለች።