የማይነሣው መስመር

መስመሩ አይነሣም። ጣሂራ ሙቀቱን በመስመር ከሚያሳየው ኮምፒውተር ዐይኗን አትነቅልም። ትንሿ የመስታወት ቱቦ በመያዣዋ ላይ ቆማለች፤ ማሞቂያው ከሥሯ ግሏል። በውስጧ ያለው ፕሮቲን ሙቀቱን በቱቦዋ አናት ላይ ወዳለው መለኪያ ማድረስ ነበረበት።

«ወላሂ፣ ሙቀቱ ባጃጅ አጥቶ ይሆናል» ይላል አብሯት የምርምር ልምምድ የሚሠራው ማህጁብ።

መምህር ጫኔ አይሥቁም። ይህ ፕሮቲን ሙቀትን ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ያሳልፋል ብለው፣ የተማሪያቸውን የጣሂራን ስም ከስማቸው ጋር አስቀምጠው፣ ለበላይ አሳውቀዋል። ይህንኑ ለማየት የተላኩት ገምጋሚዎች አሁን ይደርሳሉ። ሙከራው ከተሳካ ጣሂራ በረዳትነት አሶሳ ትቀራለች፤ ካልተሳካ ጓዟን ይዛ ወደ መጣችበት ወደ ቶንጎ ትመለሳለች።

«ትናንት ሳልኖር እንዴት አድርገሽ ነበር፣ ልጄ?»

«ልክ እንደ ዛሬው ነው፣ መምህር።»

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ክፍሉ ጭር ማለቱ ይታወቃታል። ዛሬ መብራት አለ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ጄኔሬተር አይጮኽም። እስከ ትናንት ግን መብራት እየጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው፣ ቱቦዋ እንዳትወድቅባት አናቷን በጣቶቿ ደግፋ ትይዝ ነበር።

ያ ሁሉ የተመሰገነ ሙቀት የእጇ ነበር።

ማንም አያያትም። መምህሩ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰዋል፤ ማህጁብ ሽቦ ይፈትሻል። እጇ ሳታዝዘው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ቱቦዋ ይሄዳል። አንድ ጣት ይበቃል። ከዚያስ? ዕድሜ ልኳን መብራት እንዲጠፋ ስትለምን ልትኖር ነው?

እጇን ስባ በሻርፗ ሥር ትደብቀዋለች።

«መምህር፣ ሙቀቱ የፕሮቲኑ አልነበረም» ትላለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላታል። «እንዳትወድቅ ብዬ ቱቦዋን በእጄ ይዣት ነበር።»

ማህጁብ የያዘው ሽቦ ከእጁ ይወድቃል። መምህር ጫኔ ቀና ብለው ያዩዋታል። መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያም እውነቱን ለማጣራት እንደሚሻ ሰው፣ ጣታቸውን ዘርግተው የቱቦዋን አናት ይነካሉ።

መስመሩ ቀስ እያለ ይነሣል።

ከደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። የእግር ኮቴ ወደ ክፍሉ ይቀርባል። የመምህር ጫኔ ጣት ግን ከቱቦዋ ላይ አይነሣም።