ሰባት መሳፈሪያ

«ሰባት ጊዜ? ሃሪድዋር ነው የምንሄደው ወይስ ዓለምን ልንዞር?» ጌቫር ወረቀቱን አልጋው ላይ ወረወረው።

ኬታ ወረቀቱን አንስቶ በመዳፉ አስተካከለና መልሶ ታላቅ ወንድሙ ጭን ላይ አኖረው። ግቢው ውስጥ ባለው የገመድ አልጋ ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ለአባታቸው ሐዘን ራሳቸውን ተላጭተዋል። ከኋላ ያያቸው መንትዮች ናቸው ይላል፤ ከፊት ላያቸው ግን አይጥና ድመት።

«ቀጥታው ባቡር ሞልቷል አልኩህ» አለ ኬታ። «ስለዚህ ነገ ሊነጋጋ ሲል ከዚህ በጂፕ ናጎር። ከናጎር በአውቶቡስ ቢካነር። ከቢካነር በባቡር ባቲንዳ፣ ከባቲንዳ በሌላ ባቡር አምባላ፣ ከአምባላ በሌላ ባቡር ሳሃራንፑር። ከዚያ በአውቶቡስ ሩርኪ፣ ከሩርኪ በሌላ አውቶቡስ ሃሪድዋር። የአባታችንን አመድ ለጋንጋ ወንዝ ሰጥተን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለድግሱ እዚህ እንደርሳለን። ዛሬ ገና ሰባተኛቸው ነው።»

«ባቲንዳ ላይ በመሀል ስንት ሰዓት አለን?»

«ሃምሳ ደቂቃ።»

«በጥር! በዚያ ጭጋግ! የፑንጃብ ባቡር በጥር በሰዓቱ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ? ይሄ የጉዞ ዕቅድ ነው ወይስ ቅዠት?»

«ካመለጠን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ አለ። እሱንም ከጀርባው ጽፌዋለሁ። አንብበዋ፣ ወንድም ጋሼ፣ ማንበቡን የምትኖርበት ሱራት ጥለኸው ካልመጣህ!»

ጌቫር ጥርሱን ነከሰ። ወረቀቱን ግን አላገላበጠውም። «መኪና እንከራያለን። አንድ መኪና፣ ከዚህ ደጃፍ እስከ ወንዙ ዳር። አለቀ።»

ኬታ ይቺን ቃል ነበር ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቃት። «መኪና ለምን እንደፈለግክ የማላውቅ መሰለህ? በመኪና አንዴ ብቻ ነዋ የምትጠራቸው!»

የተቃጠለውን አስከሬን አመድ የያዘውን ከረጢት አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የበኩር ልጅ ነው። መጓጓዣ ላይ በተሳፈረ ቁጥር ደግሞ ሰው እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሟቹን «ባፑ»፣ አባቴ፣ እያለ ይጠራል፤ ባፑ፣ ባቡሩ ገብቷል፣ ይነሱ፤ ባፑ፣ እንሳፈር። ሳይጠራ የቀረ ሙት እዚያው የማያውቀው አገር ላይ ሲንከራተት ይኖራል። ይህን በዚያ መንደር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል።

ጌቫር አባቱን «ባፑ» ብሎ ከጠራ ግን አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ያልወደዱለትን ልጅ ያገባ ዕለት ሽማግሌው «ከዛሬ ወዲያ አባቴ እንዳትለኝ» አሉት፤ እሱም አላላቸውም። ከሱራት ሲደውል እንኳ «ሰውዬው እንዴት ናቸው?» ነበር የሚለው። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ሽማግሌው ከዚሁ አልጋ ላይ ቀና ብለው «ምን ብሎ ጠራኝ?» ይላሉ። ኬታም «ባፑ ነዋ ያለው፣ ሌላ ምን ይበል!» ይላቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አባቱን ዋሸ። ያ ውሸት እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

እኅታቸው ዳፑ ስልኳን እያየች ከቤት ብቅ አለች። «ኧረ ኬታ! ቀጥታው ባቡር ላይ ቦታ ሞልቶ ተርፏል እኮ! ማነው የለም ያለህ?»

ኬታ አንገቱን አልደፋም። «ማንም አላለኝም። ጠዋት አይቼዋለሁ።»

ጌቫር ቀስ ብሎ ተነሣ። «እያወቅክ ነው? በሙት ትጫወታለህ አንተ?»

«አዎ፣ እያወቅኩ ነው! በቀጥታው ጂፑ ላይ አንዴ፣ ባቡሩ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ጠርተህ ትገላገላለህ። በእኔ መንገድ ግን ሰባቴ! አሥራ አንድ ዓመት የነፈግካቸውን ሰባት ጊዜ፣ ጣቢያ ሙሉ ሰው እየሰማህ ትላታለህ። አልልም ካልክ ደግሞ ባቲንዳ ላይ እንደ ጠፋ ሻንጣ ጥለሃቸው ና!»

«እሳቸው ናቸው እንዳትለኝ ያሉት!» ጌቫር ጮኸ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት!»

«በሌላው ነገር መቼ ታዝዘህ ታውቃለህ? እቺን ብቻ!»

«ኧረ ተዉ፣ ጎረቤት ይሰማል!» አለች ዳፑ። የሰማት አልነበረም።

ጌቫር ፊቱን ከኬታ አዞረ። ዓይኑ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው የኬጅሪ ዛፍ ሄደ። አመዱ ቤት መግባት ስለማይፈቀድለት ቀዩ ከረጢት ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ኬታ ወንድሙ ወረቀቱን ቀዶ ፊቱ ላይ እንደሚበትነው እርግጠኛ ነበር። ከበተነው ሊማታም ቆርጧል።

ጌቫር ግን ተመልሶ ተቀመጠና ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። የወረቀቱን መስመሮች ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየነካ ማንበብ ጀመረ።

«ታዲያ ቀጥታውን ልቁረጠው?» አለች ዳፑ።

«ተይው።» ጣቱ ቢካነር ላይ ቆሟል። «ደደብ» አለ ኬታን፣ ቀና ብሎም ሳያየው። «ቢካነር ላይ መናኸሪያውና ባቡር ጣቢያው አንድ ግቢ መሰሉህ? ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመናቸው በእግር ልንኳትን ነው? በመሀል ባጃጅ አለ።»

በሁለቱ መስመሮች መሀል፣ በጠበበችው ቦታ፣ «ባጃጅ» ብሎ ጻፈ። ከሥሯ ያሉትን ተራ ቁጥሮች አንድ በአንድ እየሰረዘ አስተካከለ።

«ስምንት ነው» አለ።